በረዶ ነው እኮ!

በዚያ ዘመን ስኳር ያለበት አዛውንት ሁሉ፣ በእግር ጣቶቹ ፎጣ ማንሳት ካቃተው እግሩ በፋብሪካ እግር ይለወጥለት ነበር። ወይዘሮ ውዴ ግን እንደ ጉቶ የደነዘዘ እግራቸውን ይዘው እምቢኝ አሉ። ጠዋት ጠዋት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ተረከዛቸውን ሲያነሱ፣ ጣቶቻቸውን ሲያፍታቱ ከረሙ። አንድ ቀን ሐኪሙ ፊት ፎጣውን በጣቶቻቸው ብድግ አደረጉት!

ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው አቶ ደምሰው፣ "ዛሬስ እግርሽን የማጥበው እኔ ነኝ" ብለው በሳፋ ውሃ አቀረቡ። የፋብሪካ እግር ሙቀትና ብርድ አይለይምና፣ የራሳቸው እግር ከተለወጠ ወዲህ ውሃ ማሞቅ ረስተው ነበር።

ወይዘሮ ውዴ ያን ደንዝዞ የኖረ እግራቸውን ነከር አድርገው መንጭቀው አወጡት።

"አንተ ሰውዬ፣ በረዶ ነው እኮ!"

"እኔ በምን ልወቀው?" አሉ አቶ ደምሰው አንገታቸውን ደፍተው።

ወይዘሮ ውዴ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን እልልታ ሆነ።