ገበያ ያልደረሰው ውሃ

የአስማማው ሕይወት የተበላሸው በ1930 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ ውስጥ፣ አንድ ዓርብ ቀን ነው።

ከምንጩ ወደ ደብረ ማርቆስ ውሃ የሚያመጣው ቱቦ በመጥረቢያ ተሰብሮ አደረ። ጣሊያኑ ካፒቴን የሰፈሩን ሽማግሌ ግራዝማች ታረቀን አስጠርቶ፣ ሰባሪው ካልተገኘ ቤቶቹ እንደሚቃጠሉ ነገራቸው። ግራዝማችም እንደ አገሩ ደንብ አውጫጭኝ ጠሩ። የየቤቱ ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ይምላል፤ ከዚያ ተራ በተራ ድንኳን እየገባ የሚያውቀውን በሽማግሌው ጆሮ ይናገራል። ጥፋተኛውን የጠቆመው ሰው «ወፍ» ይባላል። የወፍ ስም አይወጣም። ሽማግሌው ይዞት ይሞታል።

አስማማው የማዘጋጃ ቤቱ አስተርጓሚ ስለ ነበር ከሥራው እንዲቀር አልተፈቀደለትም። ቤቱን ወክላ አውጫጭኙ ላይ የተገኘችው ሚስቱ አሰገደች ናት። ዓርብ ሳይመሽ ወታደሮች መጥተው ከወንበሩ አነሱት። ወፍ ጠቁሞት ነበር።

ቱቦውን አልነካም። እንዲያውም ውሃው ለመኮንኖቹ ሰፈር ብቻ ሳይሆን ለነዋሪውም ይድረስ ብሎ ካፒቴኑን የለመነ እሱ ነው። ግን ማን ይስማው? የሚስቱ ወንድም ሮብ ገበያ በኩል ከአርበኞች ጋር ጫካ ገብቷል፤ እሱ ደግሞ ግብፅ አድጎ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነው፤ ጣሊያኖቹ የተማረ ሰው አያምኑም። ደጀን መንገድ ላይ ድንጋይ እንዲፈልጥ ተፈረደበት። እስር ቤቱ በር ላይ ሲደርስ አሰገደች ጋቢና ወፍራም ጫማ ይዛ ቆማ ነበር።

ከዓርቡ ቀጥሎ በመጣው እሁድ አርበኞች ከጮቄ ወርደው ማዘጋጃ ቤቱን መቱ። ለጣሊያን ያደሩ ተብለው አብረውት ይሠሩ የነበሩት ጸሐፊዎች ታረዱ። አስማማው ወሬውን እስር ቤት ሆኖ ሰማ። አዘነ። ወዲያው ወደ ራሱ ጥያቄ ተመለሰ፤ ወፉ ማነው?

ድንጋዩን ሲፈልጥ መልሱን ያገኘ መሰለው። ጀማለዲን ነው። ጀማለዲን ገበያው አጠገብ ሱቅ አለው፤ በአህያ ከወንዝ ውሃ እያስቀዳም ይሸጣል። ሕዝቡ ውሃ የሚቀዳበት ቦኖ ከተተከለ ማን ይገዛዋል? ደግሞም አስማማው ታስሮ ሳለ ለአሰገደች ስኳርና ጨው ይልክላት ነበር። ንጹሕ ሰው ለምን ይልካል?

ካፒቴኑ ተቀየረ። አዲሱ ካፒቴን አስተርጓሚ ቢያጣ አስማማውን አስፈታውና የከተማውን በጀት አብሮት እንዲያዘጋጅ አዘዘው።

«ለአንድ ቦኖ የሚበቃ ገንዘብ አለ» አለ ካፒቴኑ። «ገበያው ላይ ሕዝብ ይበዛል። እዚያ ብንተክለውስ?»

«መሬቱ ረግረግ ነው፤ ቱቦ አይይዝም» አለ አስማማው።

የገበያው መሬት ግን ደረቅ ጭንጫ ነበር። ገንዘቡ ለመኮንኖቹ ክበብ መብራት ዞረ።

አሰገደች ስትሰማ ደነገጠች። «የገበያው ሰው ምን አደረገዎ? ጀማለዲን እኮ ወፍ አይደለም፤ ውሃውም የእሱ ብቻ አይደለም!»

«ወፍ ከወንዝ ይጠጣል» አላት እየሳቀ።

ብድግ ብላ ወጣች።

ከጥቂት ቀን በኋላ የጀማለዲን ሚስት ሰልማ ቢሮው ድረስ መጣች።

«ጌታዬ፣ ወንዙ ላይ የጣሊያን በቅሎ ይታጠብበታል። ልጆቻችን ሆዳቸውን እያሉ ነው።»

«ባልሽ አህያ አለው አይደል? ከላይ ከምንጩ ያስቀዳላቸዋ።»

«አህዮቹንማ ለመንገድ ሥራ ወሰዷቸው። ትእዛዙን ያስተረጎሙልን እርስዎ አይደሉ እንዴ? ወይስ የኛ ነገር ከአፍዎ ሲወጣ ጆሮዎ አይሰማውም?»

አስማማው ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ሰልማ ትንሽ ቆማ ሄደች።

ክረምቱ ሲገባ ተቅማጥ የገበያውን ሰፈር አጠቃው። የጀማለዲን ልጅ ሸምሲያ ሞተች። ከእሷ በፊትም በኋላም ሌሎች ልጆች ተቀበሩ። አስማማው ቢሮው መስኮት አጠገብ መቀመጥ ተወ፤ ቃሬዛ ሲያልፍ ይታየዋልና። አንድ ቀን ሳያስበው ራሱን ጀማለዲን ቤት ለቅሶ ላይ አገኘው።

«መጣህ? ተቀመጥ» አለው ጀማለዲን። አንድ ሰው ውሃ አቀበለው። አስማማው ጣሳውን ይዞ ቀረ፤ መጠጣት አቃተው።

«ጋሼ ጀማለዲን» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ያን ዓርብ እኔን ባይጠቁሙኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።»

«የቱን ዓርብ?»

«የአውጫጭኙን።»

ጀማለዲን ትክ ብሎ አየው። «እኛ በመስቀል እንምላለን እንዴ? የእስላሙ ተራ ቅዳሜ፣ በቁርአን ነበር። ዓርብ ማታ ሰውየው ተይዟል ተባለና ነገሩ አለቀ። እኔን ማን ጠራኝ?»

አስማማው ውጭ አገር ያደገ ሰው ነው፤ የአውጫጭኝን ደንብ የሚያውቀው በወሬ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንንም ጠይቆ አያውቅም።

«ውሃውን የከለከልከን ለዚህ ኖሯል?» አለ ጀማለዲን። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ለአስማማው በቀለለው።

በጭቃው ውስጥ እየዳከረ ወደ ቤቱ ሄደ። መንገድ ላይ እንስራ ያዘሉ ሴቶች ወደ ወንዙ ሲወርዱ አገኘ፤ ፊታቸውን ላለማየት ወደ አጥር ዞሮ አሳለፋቸው።

አሰገደች ጥጥ ትፈትል ነበር።

«ጀማለዲን አይደለም» አላት ከበሩ ላይ።

«ብዬዎት ነበር።»

«ልጅቷ ሞተች። ሌሎቹም። እኔ ነኝ የገደልኳቸው፤ እኔንም እዚህ ያደረሰኝ ያ ወፍ ነው። ሕይወቴን አበላሸው! ምን በድየው ነው?»

ፈትሉ ተበጠሰ። አሰገደች አልቀጠለችውም።

«ያን እሁድ ከነዚያ ጸሐፊዎች ጋር ቢታረዱ ይሻልዎ ነበር?» አለች፣ ቀና ሳትል።

አስማማው እስር ቤቱ በር ላይ ቀድማ ይዛው የቆመችው ጋቢና ወፍራም ጫማ ትዝ አለው። ወደ እሷ ተጠግቶ ጮኸ፦

«አሰገደች፣ ያን ቀን ድንኳን ገብተሽ ምን ብለሽ ተናገርሽ? መልሺልኝ!»