ከመጋረጃው ጀርባ የነበረው ስፒከር

አናጢው መዶሻውን ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ የመጽሔቱን ቢሮ ደረጃ ሲወጣ ሰው የመምታት ሐሳብ አልነበረውም። ለማስፈራራት ብቻ ነው። ለራሱ እንዲህ ብሎ ነግሮታል፤ ራስ ደግሞ የነገሩትን ያምናል።

ሰውየው ስፒከር ሠሪ ነው። ሳጥኑን ይጠርባል፣ ሽቦውን ይበይዳል፣ ከዚያ ዙሪያዋን ቆርቆሮ በሆነችው ወርክሾፑ ውስጥ ሙዚቃ ከፍቶ ይፈትሻል። ያን ጊዜ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፣ ግድግዳው ያጓራል፣ ጎረቤት ይራገማል። የሰፈሩ ሰው «ነጎድጓድ» ብሎ ስም ያወጣለት ለዚሁ ነው። እሱንም ነገሩ ያበግነዋል። እንጨት ይቀይራል፣ ሳጥኑን ያጠባል፣ ያሰፋል፤ ማጓራቱ ግን አልለቀው አለ።

በድምፅ መሣሪያ ዓለም የምትሰማ መጽሔት አንዲት ናት። እሷ ያልጻፈችለትን ስፒከር ባለሱቆች በነፃ ቢሰጧቸውም አይነኩት። የሚላክላት መዓት ነው፣ የምትጽፈው ግን በየእትሙ ስለ አንዱ ብቻ ነው። ምርጫው እንዲህ ነው፤ የተላኩት ሁሉ ከወፍራም መጋረጃ ጀርባ ይደረደራሉ። ከመጋረጃው ወዲህ አዘጋጁና ጆሮዋ የተመሰከረላት፣ «እመት ጆሮ» የሚሏት ሴት ተቀምጠው አንድ በአንድ ይሰማሉ። የሚጫወተው የማን እንደሆነ የሚያውቀው ከጀርባ ሆኖ ሽቦ የሚያገናኘው ቴክኒሻን ብቻ ነው። ያሸነፈው ይጻፍለታል። የተሸነፈው አንዲት ቃል ሳይባልለት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ስለ መጥፎ ሥራ አይጽፉም፤ ዝም አይነቅዝም ነው ነገሩ።

አናጢው ሁለት ጊዜ ልኮ ሁለቴም ተመልሶበታል። ሦስተኛውን ሲልክ ሚስቱ በር ላይ ቆመች።

«ይሄም ከተመለሰ በቃ! ወንድሜ ጋ ተቀጥረህ የተማሪ ወንበር ትመታለህ። ማልልኝ።»

«እሺ።»

«እሺ አይደለም፣ ማል!»

በልጆቹ ማለ። ወንበር መምታት ነውር ሆኖበት አይደለም። ከዚያ በኋላ ስፒከር የሚባል ነገር እንደማይሠራ ስለሚያውቅ ነው መሐላው የከበደው።

ዛሬ የመስሚያው ቀን ነው። ጠዋት አንድ ባለሱቅ ወሬ ሹክ አለው።

«ሞኝህን ፈልግ! ያ የውጭ ስፒከር አስመጪ በየእትሙ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ያወጣል። ታዲያ ሌላ የሚመርጡ ይመስልሃል? መጋረጃው እንዳንተ ላለው የዋህ የተሰቀለ ነው።»

ነገሩ ከጆሮው አልወጣ አለ። መዶሻውን ያነሳው ያኔ ነው።

ባለ ዕቃዎች ወደ መስሚያው ክፍል አይገቡም፤ ኮሪደር ላይ ይጠብቃሉ። አስመጪው አግዳሚው ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ሸሚዙ ነጭ፣ ሽቶው ከሩቅ የሚጣራ።

«ኧረ ነጎድጓድ! ዛሬም መጣህ? ጽናትህን ግን ወድጄዋለሁ።»

አናጢው ኮቱን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ከበሩ ወዲያ የሚጫወተው ስፒከር ተቀየረ።

ሴት ነበረች የምትዘፍነው። ወይ ጉድ! ድምጿ በሩን አልፎ ሲመጣ እሷ ራሷ ኮሪደሩ ላይ የቆመች መሰለ። ትንፋሽ ስትስብ ይሰማል። ቤዙ ከሥር ጥልቅ ብሎ፣ ጥርት ብሎ ይሄዳል፤ አያጓራም፣ አይንቀጠቀጥም። አናጢው ግድግዳውን ተደገፈ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያሳድደው የኖረው ድምፅ ይሄ ነው፤ ሌላ ሰው ቀድሞት ሠራው። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ከእንባው ጋር ቅናቱ መጣ።

አስመጪው ሲጋራ ሊለኩስ ክብሪት ጭሮ ነበር። እጁ መሐል ላይ ቆመ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ ክብሪቱ ጣቱን እስኪያቃጥለው ድረስ ሰማ። ከዚያ ሳቀ።

«ሰማህ? ስፒከር ማለት እንዲህ ነው! አንተ ሂድና በርሜል ደብድብ።»

ከውስጥ እመት ጆሮ ጮኸች። «በቃ! ሌላ አታሰሙኝ። የሚጻፈው ስለዚህ ነው!»

የአናጢው ደም ፈላ። መዶሻው ከኮቱ ሲወጣ እሱ ራሱ አላየውም። የመጀመሪያው ምት የአስመጪው መንጋጋ ላይ አረፈ። ነጩ ሸሚዝ ቀላ፤ ሰውየው ጥርሱን በመዳፉ እየሰበሰበ ከአግዳሚው ተንሸራተተ። አናጢው ተራምዶት አለፈና በሩን በእርግጫ ከፈተው።

«ምንድን ነው? ማነህ አንተ?» አዘጋጁ ደረቱን ሊገፋው ተነሳ። መዶሻው ጎኑ ላይ ገባ፤ አዘጋጁ እንደ ጆንያ ወደቀ። እመት ጆሮ ወንበሯን ገልብጣ ጥግ ያዘች።

«ሌባ ሁላ! እኔን በመጋረጃ እያታለላችሁ!»

ዘፋኟ አሁንም ትዘፍናለች። ይሄ ነው ያሳበደው። ድምፁ ወደሚመጣበት ሄደና መጋረጃው ላይ መታ። እንጨት ተሰነጠቀ።

«እንካ! ይሄ ለሚስቴ!»

ዘፈኑ ቃል መሐል ላይ ታነቀ። ደገመው።

«ይሄ ለወንበሩ! ይሄ ደግሞ ላስለቀስከኝ!»

ከጀርባ ሰው «እግዚኦ!» ሲል ሰማ፤ አላቆመም። ጨርቁ እስኪበጣጠስ፣ ክንዱ እስኪዝል ቀጠቀጠ። ከዚያ ወዲያ የሚሰባበር ነገር ጠፋ፤ በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የእሱ ማለክለክ ብቻ ሆነ። ደስ አለው። በስንት ጊዜው ደስ አለው።

ቴክኒሻኑ የተሰበረ ክንዱን ታቅፎ ከመጋረጃው ሥር እየዳኸ ወጣ። ቀና ብሎ የሰውየውን ፊት አየ፤ ሳጥኖቹን ከእጁ የተረከበው እሱ ስለነበር ወዲያው አወቀው።

«አንተ ሰው» አለው እያቃሰተ፣ «የገዛ ሥራህ ምን በደለህ?»