የትርሲት ግጥም

የሬዲዮው ጋዜጠኛ ዛሬም «እንዲህ ያለ ግጥም ከማን ተገኘ?» ብሎ ጠየቃት። ዘፋኟ ጥርሷን ነክሳ የትርሲትን ስም ጠራች። ድምፁ የሷ፣ ላቡ የሷ፣ ምስጋናው ግን የትርሲት!

ቅናቷ የጀመረው ትርሲት ቤት፣ ዘፈኑን ልትቀበል የሄደች ዕለት ነው። ትርሲት «ጫማህን አውልቀህ በጓሮ በር ግባ» ብላ የመጨረሻዎቹን ሁለት ስንኞች ስታንጎራጉርላት አንጨረጨራት። እንደዚያ አድርጋ መዝፈን እንደማትችል ገብቷታል። «እነዚህ ይውጡ» አለችና እዚያው አስወጣቻቸው። ስቱዲዮም አልገቡ፤ ከሁለቱ ሴቶች በቀር የሰማቸው ሰው የለም።

«አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ!» አላት ባሏ፣ ማታ ሸሚዙን እየተኮሰ። «ሕዝቡ የሚወደው አንቺን ነው። ትርሲት የምትሏትን ማን ያውቃታል? እኔ እንኳ መንገድ ላይ ባገኛት አልለያትም።»

አንጀቷ ራሰ። ሄዳ ከኋላው አቀፈችው። እሱም ካውያውን እያንሸራተተ ያንኑ ዘፈን በለሆሳስ ያንጎራጉርላት ጀመር። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችው። ዘፈኑ የሚያልቅበት ጋ ሲደርስ ግን አላቆመም።

«ጫማህን አውልቀህ በጓሮ በር ግባ፣
ሰው እንዳያይብኝ የደጄን አበባ...»