ከእኔ ቀጥሎ ያለው ባዶ መስመር

ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድ ዘፈን መቅዳት አቃተኝ። ከታንጎ ባንዳችን ጎን ለጎን ብቻዬን የምሠራው፣ ግጥም የሌለው፣ በጊታር ብቻ የምጫወተው ጭጋግ የመሰለ ሮክ ነው። የምቀዳው ፊንላንድ፣ ታምፔሬ ከተማ ውስጥ፣ የምኖርበት ሕንፃ ሥር ባለው የቦምብ መጠለያ ነው፤ የብረት በሩ ከተዘጋ የዝንብ ድምፅ እንኳ አይገባም። በሩ ላይ፣ እንደ ሕንፃው የጋራ ሳውና፣ እንደ እንፋሎት መታጠቢያው ሁሉ፣ የነዋሪዎች የተራ ዝርዝር ተለጥፏል። እሑድ ከስምንት እስከ አስር ሰዓት የእኔ ነው። ከእኔ ቀጥሎ ያለው መስመር ባዶ ነው።

ቅጂውን መልሼ ስሰማው ግን፣ ልሳሳት ስል ሁሌ አንድ ሰው «ኡፍፍ» ይላል።

ሲመረኝ ከበሮ መቺያችንን ኢልካን ጎትቼ አመጣሁት።

«አንተው ነህ እንጂ ማን ይሆናል?» አለ እየሳቀ። «መድረክ ላይም እንደ አሮጌ በቅሎ ነው የምትተነፍሰው።»

«እሺ፣ አፌን እያየህ ቁጭ በል!»

በንዴት አፌን በሻርፕ አስሬ ተጫወትኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልሳሳት ጨረስኩ። የጊታሩን ድምፅ ማጉያ አጠፋሁ፣ ጊታሬን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ፣ ቅጂውን ከፈትኩ። እስከ መጨረሻው ንጹሕ ነው!

ኢልካ ግን መሳቁን ተወ። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ፣ ቅጂው ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጨረስክ አይደል?» አለ ትዕግሥቱ ባለቀ ድምፅ። «አስር ሰዓት አለፈ እኮ! ተራው የእኔ ነው።»

ሰዓቴን አየሁ። አስር ከሁለት ደቂቃ ይላል።

የማጉያው ቀይ መብራት በራ።