ሁለት ጓዝ በአንድ ሜዳ

«ይሄ ፍራሽ የኛ አይደለም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«የኛ ነው» አለ ባሏ፤ የያዘውን ጫፍ አልለቀቀም።

«የኛ አበባው ቀይ ነው። ይሄ ወይን ጠጅ ነው።»

«ፀሐይ መትቶት ነዋ!»

በግማሽ ቀን መንገድ ቀይ አበባ ወይን ጠጅ ሲሆን ማን አየ? ሰውዬው ደግሞ ቀለም ቀቢ ነው፤ ጉድ እኮ ነው! እሷ ግን ነገሩን ተወችው። አንዴ «ነው» ካለ ነው፤ ከሱ ጋር ከመከራከር ድንጋይ መፍለጥ ይቀላል።

ጥፋቱ የዝናቡ ነበር፣ ያውም ያልዘነበው። በዚህ ኬላ የወዲህ አገር መኪና ወደ ማዶ አይሻገርም፣ የማዶውም ወደዚህ አይመጣም። ጓዝ በሁለቱ በሮች መሃል ባለው ሜዳ ላይ ይራገፋል፣ ይፈተሻል፣ ከዚያ የሚሄድበት አገር መኪና ላይ ይጫናል። ዛሬ የሁለት ቤት ጓዝ እኩል ደረሰ፤ አንዱ ከዚህ የሚወጣ፣ አንዱ ከማዶ የሚገባ። ሰማዩ ሲጠቁር ተሸካሚዎቹ ሁሉንም አንድ ላይ ከመሩና ሸራ አለበሱት። ሸራው ሲገለጥ የማን የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ሁለት ቡናማ ቁም ሳጥን፣ ሁለት ባለ አበባ ፍራሽ፣ ሁለት እግሩ የሚነቃነቅ ጠረጴዛ፤ ሁሉም በሰማያዊ ገመድ የታሰረ! በሩ የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ አሥር ሰዓት ካለፈ ቆይቷል።

የልብስ ሰፊዋ ቤት የተነቀለው በወገቧ ምክንያት ነው። ሰባት ዓመት ከሰፈሩ ቦኖ ውሃ ስታመላልስ ኖራ ወገቧ እምቢ አለ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ባልዲ ብታነሺ እኔ የለሁበትም» አላት። ባሏ ደግሞ ካንድ ጓደኛው ሰማ፤ ማዶ ቧንቧው ቤት ውስጥ ነው፣ ውሃው ሌት ተቀን ይወርዳል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እሱ ግን ያላየውን አገር ናፍቆ እንቅልፍ አጣ። እሷም ደንበኞቿን አሰናበተች፣ እናቷን አቅፋ አለቀሰች፣ ተከተለችው።

«እህቴ፣ ይሄ ድስት ያንቺ ይሆን?»

የሌላኛው ቤት እመቤት ናት፤ አረንጓዴ ሻርፕ ያሰረች ቀጭን ሴት።

«የኔ ነው። ጆሮው የቀለጠው የኔ ነው።»

ተሳሳቁ። ባሎቻቸው ግራና ቀኝ ሆነው አንድ ቁም ሳጥን ሲጓተቱ፣ ሁለቱ ሴቶች ቁጭ ብለው ዕቃውን በጭረቱ፣ በስፌቱ፣ በሽታው ይለዩ ጀመር። ከክምሩ ሥር ስድስት ቢጫ ጄሪካን ወጣ።

«እነዚህ የኔ አይደሉም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የኔን ለጎረቤት ሰጥቻቸው ነው የመጣሁት።»

«የኔ ናቸው። ግን ውሰጃቸው፤ ላንቺ ይሁኑ።»

«ኧረ ተይ! ምን ያደርጉልኛል? እዚያ ቧንቧው ቤት ውስጥ ነው አሉን።»

ባለሻርፗ ቀና ብላ አየቻትና ወዲያው ዓይኗን ሰበር አደረገች። «ይሁን። ለክፉ ቀን ይሆናሉ።»

«ለክፉ ቀንማ ከሆነ አንቺው ያዣቸው።»

«እኔማ ምን ላርጋቸው? እናንተ ጋ ውሃ እንደ ልብ ነው ብሎኛል ባሌ። ልጄን በሆድ የሚያሰቃያት የጉድጓዱ ውሃ ነው፤ ለሷ ብለን ነው የተነሣነው።»

ልብስ ሰፊዋ ጄሪካኖቹን አየቻቸው። የቦኖው ሰልፍ መጣባት። ምን ትበላት? ቤቷን ነቅላ፣ የታመመች ልጅ ይዛ በር ላይ የደረሰችን ሴት ምን ብለው ያስደነግጧታል?

«በሞቴ ያዣቸው!» አለቻትና ሁለቱን አንስታ እጇ ላይ አደረገችላት።

«አፈር ስሆን፣ አንቺ ውሰጂ!»

«እኔ ልሙት፣ ያስፈልጉሻል!»

«አንቺን ነው እንጂ የሚያስፈልጉሽ!»

ባዶ ጄሪካን ከእጅ ወደ እጅ ይመላለስ ጀመር። ድምፃቸው ከፍ ሲል ተሸካሚዎቹ የተጣሉ መስሏቸው ዞረው አዩ። ከዚያ ሁለቱም እኩል ጄሪካኑን ለቀቁት።

«ውሃው በሳምንት ስንቴ ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ በቀስታ።

«አንዴ፤ እሱም ከመጣ። ሌላውን ቀን ከጉድጓድ እንቀዳለን። የናንተስ?»

«ቦኖው ሁለቴ ይከፈታል። ወረፋው ከደረሰሽ።»

«ንጹሕ ነው?»

«ሲደፈርስ በጨርቅ እናጠለዋለን።»

ባለሻርፗ ጄሪካኑ ላይ ቁጭ አለች። ልብስ ሰፊዋ ወገቧን ያዘች። ተናዳለች፤ በማን እንደተናደደች ግን ግራ ገባት። ባሏ አልዋሻትም፣ ነግረውት ነው። የዚችም ባል ነግረውት ነው። ነጋሪዎቹስ ከማን ሰሙ? እንዳትመለስ ቤቱ ነገ ሌላ ሰው ይገባበታል፤ እንዳትሄድ ደግሞ ያላት ወገብ አንድ ነው።

«ተገኘ!» አለ ባሏ ከወዲያ እየጮኸ፤ ከሌላኛው ባል ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈዋል። «ፍራሹ ተገኘ! ልክ ነሽ፣ ቀይ ነው! አንድም ዕቃ አልጎደለንም!»

ወረቀት የያዘው ፈታሽ ሰዓቱን እያየ መጣ። ወጣት ነው፤ ደክሞታል።

«እትዬ፣ ልንዘጋ ነው። እርስዎ የሚወጡ ነዎት ወይስ የሚገቡ?»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች። አንዱን በር አየች፣ ሌላውን አየች፤ ሁለቱም ወለል ብለው ተከፍተዋል። ወደ ባለሻርፗ ብትዞር፣ እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ መልሱን ትጠብቃለች።