ጣሊያን የሰፋው ዝናር

«አንቺ ቡዳ! ልጄን ልትበዪው ነበር!»

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ዝናሩን ሸዋረግ እግር ሥር ወረወሩት...

ከኋላቸው የኮሶዬ መንደር ሰው ዱላውን ይዞ ቆሟል።

ሸዋረግ ወስፌዋን እንደያዘች ቀና አለች።

ቆዳ መስፋት ከአባቷ የወረሰችው ሙያ ነው። ጎንደር በጣሊያን እጅ በነበረችበት በዚያ ዘመን፣ ቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ የተተረተረ ኮርቻ፣ የጎራዴ አፎት፣ የጥይት ዝናር ትጠግናለች። አርበኛው ሁሉ ስፌቱ ሲላላበት ወደ እሷ ይልካል።

ይልካል እንጂ ቤቷ አይገባም!

ቆዳ ፋቂ ናት... ዓይኗ ያስፈራል... ውሃ እንኳ ከቤቷ አይጠጣም። ልጅ ያዘለች እናት በደጇ ስታልፍ የልጇን ፊት በነጠላ ትሸፍናለች።

«ምን ሆነ እሜቴ?»

«ምን ሆነ ትለኛለች ደግሞ! ፋንታሁን ገደሉን ሲወጣ ዝናሩ ተተረተረ። ጥይቱ እንዳለ ገደል ገባ! ባዶ እጁን ከጣሊያን አምልጦ መጣልኝ። አንቺ አይደለሽም የሰፋሽው?»

ሸዋረግ ዝናሩን አነሳችው። እንደ እንጨት ደርቋል። ስፌቱን በጥፍሯ ነካ ስታደርገው ጅማቱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

አሸተተችው... ጭስ ጭስ ይላል።

«እሜቴ... ይኼን ማን ነከረው? ማንስ እሳት ላይ አደረቀው?»

«ጠበል ነው የነከርሁት!» አሉ ወይዘሮዋ። «ካንቺ እጅ የወጣ ነገር እንዲሁ ልጄ ወገብ ላይ ይታሰር ኖሯል? ዘፍዝፌ አሳድሬ ምድጃ ላይ ሰቀልሁት!»

«ጠበሉ ምን አደረገ፣ እሜቴ! እሳቱ ነው። የራሰ ቆዳ ጥላ ላይ ደርቆ ሞራ ይቀባል። እሳት ላይ ከተሰቀለ ቆዳውም ጅማቱም ይሰነጠቃል።»

ወይዘሮዋ ዝናሩን ከእጇ ነጠቁ።

ወይዘሮዋ ያፍራሉ ብላችሁ ጠበቃችሁ አይደል?

«አያችሁ!» ብለው ወደ ሰዉ ዞሩ። «ጠበሉ ቡዳነቷን አጋለጠው! እስከ እሁድ መንደራችንን ካልለቀቀች ቤቷ ይቃጠል!»

ሰዉም «ይቃጠል!» አለ።

እውነቱን በገዛ ጆሮው ሰምቶ «ይቃጠል» አለ!

በማግስቱ ሲመሻሽ ፋንታሁን ዝናሩን በጋቢው ሸፍኖ መጣ... በጓሮ በኩል።

«ሸዋረግ... ስፊልኝ። ያለ ዝናር በረሃ አልወርድም።»

«ምነው አያ ፋንታሁን፣ በደጅ መምጣት አቃተህ?»

«ሰው ያየኛላ!»

«ጣሊያንን የማትፈራው ሰውዬ...»

«አትቀልጂ። ዋጋሽን ንገሪኝ።»

«ገንዘብህን አልፈልግም። እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው ፊት ቁም። ዝናሬን ያበላሸችው እናቴ ናት፣ የሰፋችልኝ ሸዋረግ ናት፣ ቤቷን እንዳትነኩ በል። ዋጋዬ ይኸው ነው።»

«ጊዮርጊስን! እላለሁ።»

አመነችው።

የተሰነጠቀውን ቆዳ ቆርጣ ጣለች። በምትኩ ለስላሳ ቆዳ ደረበች። አዲስ የበሬ ጅማት በምራቋ እያራሰች አከረረች። በወስፌ በበሳችው ቀዳዳ ሁሉ ከሁለት ወገን እያሻገረች፣ ጣቷ እስኪሰነጠቅ ድረስ ጎተተችው። ሲያልቅ ሞራ ቀባችው።

ፋንታሁን ታጠቀው። ጎንበስ ቀና አለ።

«ሸጋ ነው!» ብሎ በመጣበት ጓሮ ወጣ።

እሁድ ደረሰ። ቅዳሴ አለቀ። ሸዋረግ ደጇ ላይ ቆማ ጠበቀች...

ፋንታሁን ግን ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሄዷል። ለማንም ምንም ሳይተነፍስ!

ቤቷ ተቃጠለ። ያተረፈችው የአባቷን ወስፌና የለበሰችውን ቀሚስ ነው። ጎንደር ወርዳ ገበያው ዳር ተጠጋች። እዚያም የሰው ኮርቻ ትጠግን ጀመር።

ጊዜው ደረሰና ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ። አርበኞች እየፎከሩ ከተማ ገቡ። ፋንታሁንም ገባ... ዝናሩ ወገቡ ላይ ነው። አንዲት ስፌት አልላላችም።

አንድ ሽማግሌ ዝናሩን ዳሰስ አደረጉና፣ «አንተ ልጅ፣ ይኼን የመሰለ ስፌት የማን እጅ ነው?» አሉት።

ሸዋረግ ከሰዉ መሃል ነበረች። አሁን ስሜን ይጠራል ብላ ቀረብ አለች...

ፋንታሁን አያት። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ ደረቱን ነፋ።

«የጣሊያን እጅ ነው! ገድዬ የማረክሁት!»

አዎ... እንደዚያ ነው ያለው። እሱን አምና ቤቷ የተቃጠለባትን ጎረቤቱን ከማመስገን፣ አገሩን ያቃጠለውን ጠላት ማመስገን ቀለለው!

ጊዜ አለፈ። ስፌት ነውና አረጀ። አንድ ቀን የፋንታሁን አሽከር ዝናሩን ይዞ ሸዋረግን እያጠያየቀ ገበያ መጣ።

«ጌታዬ ከኮሶዬዋ በቀር ሌላ እጅ እንዳይነካው ብለዋል። ደግሞ... እንደሰፋሽው ለሰው እንዳትናገሪ ብለዋል።»

ሸዋረግ የገዛ ስፌቷን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ጠቅልላ መለሰችለት።

«የሰፋው ጣሊያን ነው ብለዋል አይደል? ጣሊያን ጋ ውሰድላቸው።»

«ምን ትላለች ይቺ! ጣሊያንማ ከአገር ወጣ!»

«እንግዲያው ጌታህ ይከተሉታ!»

ወስፌዋን አነሳች። የጀመረችውን ኮርቻ መስፋቷን ቀጠለች።

በጓሮ መጥቶ አሠርቷችሁ በአደባባይ ለካዳችሁ ሰው ሁለተኛ እጃችሁን አትዘርጉ። «ይቅር በሉት» እያላችሁ የምትመክሩም ምከሩ... መጀመሪያ ግን ስሟን ጥሩ!

እስቲ ዛሬ ሳታድበሰብሱ መልሱልኝ...

በየቤታችሁ «ከውጭ የመጣ ነው» እያላችሁ ለእንግዳ የምታሳዩት፣ የሠራውን ሰው ስም ግን የማትጠሩት ነገር ምንድን ነው?