የሀኒፋ ወተት

አረጋሽ አረቄ ቤቷ ውስጥ ራሱን የሳተውን የደንበኛዋን የሚሳኤልን አፍ በጣቷ ከፍታ ወተቱን ልታንቆረቁር ስትል በሩ ብርግድ አለ።

«ተዪ! እንዳታጠጪው፣ ያንቀዋል!»

አስር አለቃ ጉርሜሳ ነው። ከኋላው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ወጋየሁ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ያለከልካል። አረጋሽ የወተቱን ኩባያ መሬት አስቀመጠች። ጎረቤቷ ሀኒፋ ወተቱን አስጨብጣት «ሰው ልጥራ» ብላ ስትሮጥ ታክሲ የምታመጣ መስሏት ነበር። ይቺ ሴት ፖሊስ ጠርታባት አረፈች!

ጎፋ ውስጥ ሰው ሲመረዝ ወተት ይዞ መሮጥ የታወቀ ነው። ፖሊስ የሚጠራ ግን ማን አለ? እርግጥ ባለፈው እሑድ ይኸው አስር አለቃ በእድሩ ስብሰባ ተነስቶ፣ «ሰው ራሱን ሲስት ጥሩን። ምን እንደወሰደ ብቻ ንገሩን፤ ከየት እንዳገኘው አንጠይቅም» ብሏል። እድርተኛው አጨበጨበ። አረጋሽም አጨብጭባለች። ማጨብጨብ ምን ይከብዳል? ማመኑ ነው እንጂ።

ጉርሜሳ ተንበርክኮ የሚሳኤልን እጅ ጨበጠ፤ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ትንፋሹ አንዴ ከወጣ ቶሎ አይመለስም። ወጋየሁ በእጅ የሚጨመቀውን የመተንፈሻ ላስቲክ አፍና አፍንጫው ላይ ደፍቶ አየር እየገፋለት ቀና አለ።

«ምን ወስዶ ነው?»

«አረቄ... ትንሽ አረቄ ናት።»

«አረቄ ብቻማ አይደለም! ማጅራት ገትር ይሁን መርዝ ካላወቅኩ በጨለማ እኮ ነው የምዳክረው፣ እትዬ አረጋሽ!»

አረጋሽ ፖሊሱን አየችው። የእንቅልፍ ክኒኑን ከአረቄው ጋር የሸጠችለት ራሷ ናት። ብትናገር እስር ቤት ነው። ዝም ብትል ደግሞ የሚሞተው ሚሳኤል ነው፤ ከግንበኝነት ሥራው በተመለሰ ቁጥር «እትዬ፣ ውሃ ልቅዳልሽ?» የሚላት ሚሳኤል።

ከአጠገቡ አንስታ የደበቀችውን ባዶ የክኒን ማሸጊያ ከመቀነቷ አወጣች።

«ስድስት ነው የዋጠው። እኔ ነኝ የሸጥኩለት! ሰዎች ለጫት ማብረጃ ሁለት ሁለት ነበር የሚወስዱት። ስድስቱን ባንዴ ይውጣል ብዬ መች አሰብኩ!»

ጉርሜሳ ማሸጊያውን ተቀብሎ ለወጋየሁ አቀበለው። «ስድስት የእንቅልፍ ክኒን፣ ከአረቄ ጋር» አለ። ወዲያው ወደ ሚሳኤል ዞረ።

«በቃ፣ ገባኝ» አለ ወጋየሁ። «ሀኒፋ ታክሲ ልትጠራ ሄዳለች፤ እስኪደርስ እየተነፈስንለት እናቆየዋለን።»

አረጋሽ መሬት ቁጭ ብላ የጎፋውን ገብርኤል ተለማመነች። ወጋየሁ ሲደክመው ጉርሜሳ ተቀበለው፤ ጉርሜሳ ሲደክመው ወጋየሁ። ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ እንጃ፣ ድንገት ሚሳኤል ሳለ። ደግሞ ሳለ። ከዚያ ራሱ ተነፈሰ፤ ደግሞም ተነፈሰ። በጎኑ አስተኙት።

አንድ ዓይኑን ገልጦ የፖሊሱን ልብስ ሲያይ ምላሱ እየተያያዘ፣ «ጌታዬ... እኔ ምንም... አልወሰድኩም» አለ።

ወጋየሁ ሳቁን ለቀቀው። አረጋሽ እያለቀሰች ሳቀች። እፎይ! ልጁ መዋሸት ከቻለ ድኗል።

ማንም ሳይጠይቃት ከአልጋዋ ሥር የቀሩት ክኒኖች ያሉበትን ጣሳ አውጥታ የወጋየሁ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ እጇን ለካቴና እንደምትሰጥ ሆና ወደ ጉርሜሳ ዞረች።

ጉርሜሳ ግን አግዳሚው ላይ ዘፍ ብሎ ነበር።

«እትዬ» አለ፣ ድምፁ ሰልሎ። «ያ ወተት አለ?»

ሰጠችው። ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ እስከ መጨረሻው ጨለጠው። ለካ እሱም ፈርቶ ኖሯል። ውጭ የታክሲው ጡሩምባ ሲጮህ ብድግ ብሎ ሚሳኤልን በብብቱ ደግፎ ወጣ፤ ወተቱ ጢሙ ላይ እንዳለ ነው።